እውነተኛ ስም፣ የፈጠራ ንግግር

የከበርቴዎችን ማዕድ ተካፍሎ የማዕዱን ምሥጢር ለአደባባይ ያበቃ ደራሲ በየዘመኑ ታይቷል። በቅርቡ በቴሌቪዥን ድራማ ምክንያት ስሙ እንደገና የተነሣው ግን አሜሪካዊው ትሩማን ካፖቲ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ካፖቲ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ፣ ኖቬምበር 28 ቀን 1966 በኒው ዮርኩ ፕላዛ ሆቴል 540 ያህል እንግዶች የተጠሩበትን የጭምብል ግብዣ አደረገ። የሲ.ቢ.ኤስ. ሊቀ መንበር የዊልያም ፔሊ ሚስት ቤብ ፔሊና ስሊም ኪትን የመሳሰሉ ወይዘሮዎች የልባቸውን ያጫውቱት ነበር። በ1975 ግን፣ ሊጽፈው ካሰበው ረጅም ልብ ወለድ አንዱን ምዕራፍ «ላ ኮት ባስክ፣ 1965» በሚል ርእስ በኤስኳየር መጽሔት ላይ አወጣው። ስሞቹን ለውጧል፤ ሆኖም ሸፋፍኖ ያለፈው ነገር አልነበረም። ስሊም ኪት ወሬኛይቱን ሌዲ አይና ኩልበርዝን ባነበበች ጊዜ ራሷን አገኘች። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ። ሁለቱም ሴቶች በራቸውን ዘጉበት፤ ቤብ ፔሊም ሳትታረቀው በ1978 በሳንባ ካንሰር ሞተች። ካፖቲ በበኩሉ፣ ደራሲ መሆኑን እያወቁ የነገሩት እነሱ ናቸው ሲል ተከራከረ። በ1984 ሲሞት ልብ ወለዱ አላለቀም ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከበደው የአን ዉድዋርድ ጉዳይ ነው። ይህች ሴት በኦክቶበር 1955 ሎንግ አይላንድ በሚገኘው ቤታቸው ባሏን በጠመንጃ ገድላለች። ሌባ መስሎኝ ነው አለች፤ በአካባቢው ሲዘርፍ የነበረ ሰውም በዚያች ሌሊት በግቢው እንደነበረ አመነ። ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስኑት የሕዝብ ዳኞችም ሳይከሷት ቀሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን የካፖቲ ምዕራፍ «አን ሆፕኪንስ» ብሎ ሰይሞ ነፍሰ ገዳይ አድርጎ አቀረባት። መጽሔቱ ለሕዝብ ሊሠራጭ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። ጽሑፉን አስቀድማ አንብባዋለች የሚለው በሰፊው የሚወራ ሲሆን፣ የተረጋገጠ ማስረጃ ግን የለውም። ወሬው ከሞተችም በኋላ አልተዋትም፤ ዶሚኒክ ደን በ1985 ታሪኳን በሌላ ስም ልብ ወለድ አደረገው፣ በ1987 ደግሞ አን-ማርግሬት የተጫወተችበት የቴሌቪዥን ድራማ ሆነ።

በ2024 የታየው ባለ ስምንት ክፍል ድራማ «ፊዩድ» ከእነዚህ የሚለየው እውነተኛ ስሞችን በመያዙ ነው። መነሻው የሎረንስ ሊመር መጽሐፍ ሲሆን፣ ጸሐፊው ጆን ሮቢን ቤትዝ ነው። ድርሰቱም ትወናውም የሚያስመሰግን ነው፤ ቶም ሆላንደር በተለይ። ይሁን እንጂ በአንዱ ክፍል ጄምስ ባልድዊን ካፖቲን ሊያበረታታው ሲመጣና አብረውት ሲውሉ ይታያል። ይህ ውሎ የደራሲው ፈጠራ ነው። የተለወጠ ስም አንባቢውን ቢያንስ «ይህ ልብ ወለድ ነው» ብሎ ያስጠነቅቀዋል፤ እውነተኛ ስም ላይ የተጫነ የፈጠራ ንግግር ግን ተመልካቹ ዘንድ ታሪክ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ረገድ ድራማው ከሚወቅሰው ሰው ይልቅ ደፋር ነው።

ስሊም ኪት እንኳ የራሷን ቃል ትታለች፤ የትዝታ መጽሐፏ በ1990 ታትሟል፣ ከድራማው ጋር አስተያይቶ መፍረድ ይቻላል። ስለ አን ዉድዋርድ የሚቀርበው ግን ዳኞቹ ሳይከሷት የቀሩበት ውሳኔ ብቻ ነው።