የገጠር መዝገብ በከተማ መካከል

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት የምንለው ሰፈር ቀድሞ የእርሻ አገር ነበረ። በሸዋ መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ይመዘገብ ነበር፤ አንዱ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት የሕዝብ፥ በሐምሌ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማውን ቦታ የመንግሥት አደረገ። ርስቱ ቀረ፤ የአያቱን ስም የሚፈልግ ሰው ግን ዛሬም ወደ መስኮትዎ ይመጣል። «የሀይሌ ጋርመንትን መዝገብ አሳዩኝ» ቢልዎ ባዶ እጁን አይመልሱት፤ ጋርመንት የኋላ ዘመን ቃል ነውና በአሮጌው መዝገብ አይገኝም። የአገሩን የቀድሞ ስምና የባለርስቱን ስም ይጠይቁት። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 መልስ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ፥ ጠያቂው መጻፍ ባይችልም ቃሉ እንዲጻፍለት ያዝዛል። ጥያቄው ተቀባይነት ባያገኝ እንኳ ምክንያቱ ይነገረዋል።