የክር ከፍታ፦ ከምድጃ ክፈፍ ስለ ተሠራ አንድ ጊታር

እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ብሪያን ሜይ የተባለ ወጣት ተማሪ ከለንደን በስተ ምዕራብ በምትገኘው ፌልታም፣ ከአባቱ ከሃሮልድ ሜይ ጋር ሆኖ የኤሌክትሪክ ጊታር መሥራት ጀመረ። የፌንደር ወይም የጊብሰን ጊታር ለመግዛት የቤተሰቡ አቅም አይፈቅድም ነበር። ይሁን እንጂ አባትየው የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ በመሆኑ፣ ገንዘብ በጠፋበት ቤት ዕውቀትና መሣሪያ አልጠፋም።

አንገቱ ከአሮጌ የምድጃ ክፈፍ በወጣ ማሆጋኒ ተቀረጸ፤ ነቀዝ የበሳቸው ቀዳዳዎች በክብሪት እንጨት ተደፈኑ። ለገላው ያገለገለ የኦክ ጠረጴዛ ተሰነጠቀ። የጣት ምልክቶቹ ከእናቱ የልብስ ስፌት ሣጥን የተገኙ አዝራሮች ሲሆኑ፣ ስፕሪንጎቹም የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ነበሩ። ስለዚህ ጊታር የሚጽፉ ሁሉ ደጋግመው የሚተርኩት ይህንኑ ነው፤ መተረኩም የሚገባ ነው። ዳሩ ግን የሁለት ዓመቱ ድካም ፍሬ ማፍራቱ ወይም መና መቅረቱ የተንጠለጠለው በሚሊሜትር ክፋይ በሚለካ ነገር፣ ማለትም ክሩ ከአንገቱ በሚርቅበት ከፍታ ላይ ነበር።

ክራር የጣት መርገጫ አንገት ስለሌለው ይህ ጣጣ አያውቀውም። በበገና ደግሞ በክሩና በብርኩማው መካከል የቆዳ ቁራጭ የሚገባው ሆን ተብሎ ድምፁ እንዲንዘረዘር ነው። በጊታር ግን ያው መንዘርዘር ሕመም ነው። በአንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ተቀብረዋል፤ ክሩ እጅግ ዝቅ ካለ ሲርገበገብ ከእነርሱ ጋር ይጋጫል። እጅግ ከፍ ካለም ጣትን ከማድከሙ ሌላ፣ ወደ ታች ሲጫን ስለሚወጠር ድምፁ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ብዙውን ጊዜ በ12ኛው ፍሬት ላይ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ያለው ርቀት ይስማማል። ከፍሬቶቹ አንዱ እንኳ ከጎረቤቱ ከፍ ካለ ግን ይህ ልክ አይጸናም። የሜይ ጊታር 24 ፍሬቶች ነበሩትና ሁሉም እኩል መስተካከል ነበረባቸው።

የማስተካከሉም ቅደም ተከተል ሊዛነፍ አይችልም። ስድስት ክሮች በአንድነት ሲወጠሩ አንገቱን ወደ ፊት ያጎብጡታልና አስቀድሞ እርሱ ይቀናል፤ ቀጥሎ የብርኩማው ከፍታ፣ በመጨረሻም የክሩ ርዝመት ይመጣል። ትዕግሥት ያጣ ሰው ከብርኩማው ይጀምርና ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

አባትና ልጅ ጉብጠቱን የሚቋቋም የብረት ዘንግ በአንገቱ ውስጥ ቀበሩ። በራስጌ በኩል ክሮቹን ያሳረፉት በአንድ ተጨማሪ ፍሬት ላይ ነው፤ በዚህም ያልተጫነ ክርና የተጫነ ክር ሁለቱም ከብረት ላይ ይነሣሉ፤ የራስጌው ከፍታም በአንድ ዘንግ ይወሰናል። በብርኩማው ላይ ደግሞ ለየክሩ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች አበጁ፤ ክሩ በመወዝወዣው እጀታ ሲላላና ሲወጠር ሳይሻክር ወደ ቦታው እንዲመለስ ነው። ለድምፅ መሳቢያው ግን የራሳቸው ሙከራ ስላላረካቸው የበርንስን ገዙ።

ሜይ እ.ኤ.አ. በ1970 ክዊን የተባለው ቡድን ሲመሠረት ይህንኑ ጊታር ይዞ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2002 በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ቆሞ የብሪታንያን ብሔራዊ መዝሙር ሲጫወት በእጁ የነበረውም ያ የምድጃ እንጨት ነው።