ኖራና ስሚንቶ፤ ከጎንደር ግንብ የምንማረው

በዳንግላ ወይም በእንጅባራ ያደገ ተማሪ ሁሉ ይህን ነገር ያውቃል። ጧት ውርጩ ሲለቅና ፀሐይ የቤቱን ክዳን ስትመታ ቆርቆሮው ይንቋቋል፤ ማታም ብርዱ ሲገባ እንደ ገና ይጮኻል። ቆርቆሮው በሙቀት ይለጠጣል፤ በብርድ ይኰማተራል። ከሥሩ ያለው እንጨት ግን እንደ እርሱ አይለጠጥም። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ምስማሩ ይላላል፤ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ክረምት በመጣ ጊዜም ቤቱ ያፈሳል። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ የበዓል መጽሔት ልንጽፍ የወደድነው፥ ይኸው ጠባይ በአንድ ታላቅ የሀገራችን ሕንፃ ታሪክ ውስጥ ምን እንደሚያስተምረን ነው።

ሊቃውንት ይህን ጠባይ ከብዙ ዘመን ጀምሮ መርምረውታል። እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆን ሐሪሰን በ18ኛው መቶ ዓመት ናስና ብረት ቢያጣብቅ፥ ጥንዱ በሙቀት ሲጎብጥ አየና ለባሕር ሰዓቱ መቆጣጠሪያ አደረገው። በ1925 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስቴፈን ቲሞሼንኮ የጉብጠቱን መጠን በሒሳብ አሰላው። ትምህርቱም ይህ ነው፤ ሁለት ነገሮች ተጣብቀው አንዱ ከሌላው አብልጦ ቢለጠጥ ሁለቱም ይጎብጣሉ። መጉበጥ ካልቻሉም በመጋጠሚያቸው ላይ ውጥረት ይነሣል፤ ደካማው ይሰነጠቃል፤ ወይም ከጓደኛው ይላቀቃል።

አሁን ወደ ጎንደር እንሂድ። ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ባደረጉ ጊዜ ግንባቸውን ያሠሩት በድንጋይና በኖራ ነው። ኖራ ለስላሳ ስለ ሆነ ድንጋዩ ሲለጠጥና ሲኰማተር ይታገሠዋል፤ እርጥበትንም ወደ ውጭ ያሳልፋል። በጥቂቱ ቢሰነጠቅ እንኳ የዝናቡ ውሃ ኖራውን አሟሙቶ ስንጥቁን መልሶ ሊሞላው ይችላል።

ጣልያን ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ሀገራችንን በወረረበት ዘመን ግንቦቹ ሲታደሱ ግን ስሚንቶና አርማታ ገባባቸው። ስሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ታዲያ ጥንካሬው ምን ይጎዳል? የ10 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ አርማታም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ያንኑ ያህል ርዝመት ያለው ጥቁር ድንጋይ ግን የሚረዝመው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ ከገብስ ቅንጣት ውፍረት ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ቀንና ሌሊት ሲፈራረቁ መሳሳቡም ይደጋገማል። በስንጥቁ የገባው ዝናብ ደግሞ ስሚንቶው መውጫ ስለሚከለክለው የውስጡን አሮጌ ኖራ ያዳክመዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ መመለሳቸው ስለዚህ ነው። ግንቦቹም በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል።

ይህ ታሪክ የጎንደር ብቻ አይደለም። ከእኛ አንዳንዶቹ በተማሩበት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የጭቃው ግድግዳ እንዲያምር ተብሎ በስሚንቶ ተለስኖ ነበር። ሦስት ክረምት ሳይሞላ ልስኑ በጀርባው ጭቃውን እንደ ተሸከመ በሰፊው ተገንጥሎ ወደቀ። መማሪያ ክፍል ቢፈርስ እንደ ገና ይመረጋል። ነገር ግን በጎጃም በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ግድግዳ ጭቃና ጭድ ሆኖ፥ በላዩ ጨርቅ ተለጥፎ ሥዕል ተሥሎበታል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ ሰዎች በቅን ልብ ተነሥተው በስሚንቶ ቢለስኑትና ጭቃው ቢላቀቅ፥ የአባቶቻችንን ሥዕል ማን መልሶ ይሥልልናል?

እኛ ስሚንቶን አንጠላም። ብረትና ኮንክሪት በሙቀት የሚለጠጡት እኩል ለማለት በሚያስደፍር መጠን ስለ ሆነ አርማታ የታወቀና የታመነ ነገር ሆኗል። ስለዚህ ነገሩ የመጠንከርና የመድከም አይደለም፤ የመስማማት ነው። ነገ መሐንዲስ፥ መምህር ወይም የአጥቢያ ሽማግሌ የምንሆን ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ አሮጌ ግድግዳ ልንጠግን በተነሣን ጊዜ ከሁሉ አስቀድመን «ከሥር ያለው ምንድር ነው?» ብለን እንጠይቅ። ለጭቃው ጭቃና ጭድ፥ ለኖራው ኖራ እንስጠው። እንዲህ ካደረግን አባቶቻችን ያቆሙትን እኛ በማደስ ሰበብ አናፈርሰውም።