ፕሮግራሞችን አስቀድሞ የያዘ የኮምፒውተር መጫኛ ዲስክ እንዴት ይዘጋጃል? ለጅቡቲስ ምን ይጠቅማል?

ጅቡቲ ከተማ እስያን፣ አውሮፓንና ምሥራቅ አፍሪካን የሚያገናኙ በርካታ የባሕር ሥር የኢንተርኔት መስመሮች የሚያርፉባት ወደብ ናት። ከኢትዮጵያ የሚወጣውና ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ኢንተርኔትም በከፊል የሚያልፈው በዚችው ከተማ በኩል ነው። ይሁን እንጂ መስመሩ ከባሕሩ ዳርቻ መድረሱ በባልባላ ሠፈር ለሚኖር ሰው ኢንተርኔትን ርካሽ አላደረገለትም። አገልግሎቱ ለረጅም ዓመታት በአንድ የመንግሥት ድርጅት፣ በጅቡቲ ቴሌኮም፣ እጅ ብቻ የቆየ ነው።

ይህ ክፍተት ጎልቶ ከሚታይባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ኮምፒውተር "ፎርማት" የሚደረግበት ጊዜ ነው። የዊንዶውስ 11 መጫኛ ፋይል ብቻውን ከ5 ጊጋባይት በላይ ይመዝናል። በላዩ ላይ የደኅንነት ማሻሻያዎች፣ ጽሑፍ ማቀናበሪያ፣ የኢንተርኔት ማሰሻና የኅትመት መሣሪያ ድራይቨሮች ይጨመራሉ። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር 8 ጊጋባይት ማውረድ ያስፈልጋል ቢባል፣ 20 ኮምፒውተሮች ያሉት አንድ የትምህርት ቤት ክፍል 160 ጊጋባይት ይፈጃል ማለት ነው። ሁሉንም በአንድነት የያዘ መጫኛ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ግን የሚወርደው 8 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ።

መስመሩ ራሱ የሚቋረጥበት ጊዜም አለ። እ.አ.አ. በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ ኤኤኢ-1፣ ኢአይጂ እና ሲኮም የተባሉት መስመሮች ተበጥሰው ነበር። ሦስቱም ጅቡቲን የሚነኩ ናቸው። በኢትዮጵያ ደግሞ በትግራይና በአማራ ክልሎች ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የቆየባቸው ጊዜያት የቅርብ ትዝታ ናቸው። እንዲህ ባለ ወቅት በቫይረስ የተጎዳን ኮምፒውተር ወደ ሥራ የሚመልሰው በመሳቢያ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ፍላሽ ነው።

"ዲስክ" የሚለው ስም ከልማድ የቀረ መሆኑንም መጥቀስ ይገባል። ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ስለሆነ የዛሬው ዊንዶውስ አይገባበትም። ሥራው በአብዛኛው የሚከናወነው በፍላሽ ነው።

የኪቦርዱ ጣጣ

በጅቡቲ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ይፋዊ ቋንቋዎች ሲሆኑ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የአብዛኛው ሕዝብ የአፍ መፍቻ ናቸው። ከሾፌሮችና ከነጋዴዎች ጋር አማርኛም ከተማዋን ከረጅም ጊዜ በፊት ለምዷታል። በእንግሊዝኛ ልማድ የተዘጋጀ መጫኛ እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሰናከለው በኪቦርዱ ላይ ነው። በፈረንሳይ አደራደር በተሠራ ኪቦርድ ላይ "ኤ" እና "ኪው" የተባሉት የላቲን ፊደላት፣ እንዲሁም "ደብልዩ" እና "ዜድ"፣ ከእንግሊዝኛው አንጻር ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ቁጥሮችም የሚጻፉት "ሺፍት" ተጭኖ ነው። በአንዱ አደራደር የይለፍ ቃል የሰጠ ሰው ኮምፒውተሩ በሌላው አደራደር ሲነሳ የራሱን ቃል መጻፍ ያቅተዋል። ሶማሊኛና አፋርኛ በተለመዱት የላቲን ፊደላት ስለሚጻፉ ልዩ ፎንት አይሹም። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፉን፣ አማርኛ ደግሞ የራሱን ፎንትና የአጻጻፍ ዘዴ ይፈልጋሉ።

የአማርኛው ችግር የራሱ ታሪክ አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የተካተተው እ.አ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ "ኒያላ" የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ቦታ ኮምፒውተር የሚያዘጋጅ ባለሙያ ፓወር ግዕዝን ወይም ቪዥዋል ግዕዝን ለየብቻ መጫን ነበረበት። በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያሉ አሮጌ ሰነዶች ዛሬም ስላሉ፣ አስተዋይ አዘጋጅ አዲሱንም አሮጌውንም ፎንት በመጫኛው ውስጥ ያኖራል።

አሠራሩ

መንገዱ ሁለት ነው። በዊንዶውስ በኩል ቀላሉ ዘዴ "የመልስ ፋይል" ማዘጋጀት ነው። መጫኛው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች፣ ማለትም ቋንቋ፣ ኪቦርድ፣ የሰዓት ክልልና የተጠቃሚ ስም፣ መልሳቸው አስቀድሞ በአንድ ፋይል ይጻፍና ከመጫኛው ጋር ይቀመጣል፤ ፕሮግራሞቹም ተከትለው እንዲጫኑ ትእዛዝ ይሰጣል። ሰፋ ያለው ዘዴ አንድን ኮምፒውተር እንደሚፈለገው አሟልቶ ማዘጋጀት፣ "ሲስፕሬፕ" በተባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ የዚያን ኮምፒውተር መለያዎች ማጥፋት፣ ከዚያም "ዲስም" በተባለው ሌላ መሣሪያ ሙሉ ቅጂውን መውሰድ ነው። መለያዎቹን ሳያጠፉ መቅዳት ብዙዎች የሚፈጽሙት ስሕተት ነው። ሌላው እንቅፋት የፍላሹ አቀራረጽ ነው፤ "ፋት32" የተባለው አቀራረጽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ስለማይቀበል ትልቁን ፋይል መከፋፈል ያስፈልጋል።

በሊኑክስ በኩል ሥራው ይቀላል። "ኩቢክ" የተባለው ፕሮግራም የኡቡንቱን መጫኛ ፋይል ከፍቶ አዘጋጁን ወደ ውስጡ ያስገባዋል፤ ሰውየው የሚፈልገውን ይጨምራል፣ የማይፈልገውን ይቀንሳል፣ በመጨረሻም ሁሉም ታሽጎ አዲስ መጫኛ ይሆናል። ዴቢያን ደግሞ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ከአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አንብቦ መጫኛውን የሚሠራ መሣሪያ አለው። የዴቢያን መጫኛ ከሚናገራቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ መሆኑ ብዙ ያልተነገረለት ነገር ነው። ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት "ኪዊክስ" በተባለው ፕሮግራም አማካይነት የአማርኛውን ዊኪፒዲያ ማካተትም ይቻላል። የፈረንሳይኛው ግን ከነሥዕሎቹ በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ስለሆነ የተለየ ፍላሽ ይፈልጋል።

የፈቃድ ጉዳይም አለ። ዊንዶውስን ለራስ ኮምፒውተሮች ማዘጋጀትና ባለፈቃድ ያልሆነን ቅጂ አባዝቶ መሸጥ ለየቅል ናቸው። የሊኑክስ ፕሮግራሞችን መቅዳትና ማደል ይፈቀዳል፤ ኡቡንቱን ቀይሮ በዚያው ስም ለሕዝብ ማሰራጨት ግን የባለቤቱን ኩባንያ የካኖኒካልን ይሁንታ ይጠይቃል።

ማን አዘጋጀው?

አንድ መጫኛ ሃያ ኮምፒውተሮችን በአንድ ቀን የሚያድን ከሆነ፣ ሃያውን በአንድ ቀን መበከልም ይችላል። እ.አ.አ. በ2011 የማይክሮሶፍት መርማሪዎች በቻይና ከተለያዩ ከተሞች 20 አዳዲስ ኮምፒውተሮችን ገዝተው ሲፈትሹ፣ በአራቱ ላይ ጎጂ ፕሮግራም ከነዊንዶውሱ አብሮ ተጭኖ አግኝተዋል። በየካቲት 2016 ደግሞ ሰርጎ ገቦች የሊኑክስ ሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው በመግባት፣ የማውረጃ አድራሻውን ስውር በር ወደተከፈተበት መጫኛ አዙረውት ነበር። ከሱቅ የተገዛ፣ "ሁሉን የያዘ" የተባለና "ክራክ" የተደረገ ፕሮግራም የታጨቀበት ፍላሽ ከዚህ የባሰ እንጂ የተሻለ ዋስትና የለውም።

ስለዚህ መነሻው ፋይል ከዋናው አምራች መውረድ አለበት። ከዚያም "ሻ-256" የሚባለው የፋይሉ አሻራ ተሰልቶ አምራቹ ካወጣው ጋር ይነጻጸራል፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ድረ ገጹ ራሱ ከተሰበረ አሻራውም ሊለወጥ ስለሚችል፣ የሊኑክስ አምራቾች በተጨማሪ ዲጂታል ፊርማ ያወጣሉ። በመልስ ፋይሉ ውስጥ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ትቶ ፍላሹን ለሌላ ማዋስም አይገባም፤ ፋይሉን የከፈተ ሁሉ ቃሉን ሊያገኘው ይችላል።

መጫኛው ያረጃል። በተዘጋጀበት ቀን የነበረው ጥበቃ ከወራት በኋላ በቂ አይሆንም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.አ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ "ቲፒኤም 2.0" የተባለ የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮችን አይቀበልም። ለእነዚህ ኮምፒውተሮች ሊኑክስን የያዘ መጫኛ አንድ አማራጭ ነው። በፍላሹ ላይ የተዘጋጀበትን ቀን፣ በውስጡ ያሉትን ፕሮግራሞችና የአዘጋጁን ስም መጻፍ፣ በየስድስት ወሩም በአዲስ ማሻሻያ ደግሞ መሥራት የተለመደ ጥንቃቄ ነው።