ተራራው የማን ነው?

እኛ በሰኔ ዣንጥላ ስንፈልግ እንግሊዞች የተራራ ጫማቸውን ያወጣሉ። የኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነውና። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የምትገኘው ሌክ ዲስትሪክት፣ ስሟ እንደሚናገረው የሐይቆች አገር፣ በነዚህ ወራት ቦርሳ ባዘሉ እግረኞች ትሞላለች። የእንግሊዝ ትልቁ ተራራ ስካፌል ፓይክ የሚገኘው እዚያው ነው። ቁመቱ 978 ሜትር! ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጠን ታክሲ ለምንጠብቀው ለአዲስ አበባ ልጆች ይህ ተራራ መባሉ ራሱ ያስቃል። ነገር ግን የዚህ አገር ቁም ነገር ከፍታው አይደለም። በተራራው ላይ የመራመድ መብት የማን ነው የሚለው ሙግት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከባለቅኔ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1770 እዚያው የተወለደው ዊሊያም ወርድስወርዝ አካባቢውን በግጥሙ አስወደደ፤ ለጎብኚዎችም መመሪያ ጻፈ። በመመሪያው ላይ ሌክ ዲስትሪክት ዓይንና ልብ ላለው ሁሉ እንደ አገር ንብረት መቆጠር አለባት ብሎ ነበር። ታዲያ በ1844 ወደ ዊንደርሚር ሐይቅ የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ መሆኑን ሲሰማ በጋዜጣ ተቃወመ። የፋብሪካ ሠራተኛ በጅምላ ተጭኖ ቢመጣ ውበቱን አያጣጥምም፣ በየሰፈሩ አቅራቢያ ባለው መስክ ይናፈስ ባይ ነበር። «ለሁሉ» ሲል ሁሉን ማለቱ አልነበረም ማለት ነው። ባቡሩ ግን በ1847 ደረሰ፤ ሠራተኛውም ተከትሎት መጣ።

ቀጥሎ አጥር መጣ። ከኬዚክ ከተማ በላይ ወዳለው ላትሪግ ኮረብታ የሚያወጣውን የቆየ መንገድ የመሬቱ ባለቤቶች ዘጉት። በ1887 መከር ላይ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ የተከለከለውን መንገድ ይዞ ኮረብታው አናት ላይ ወጣ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ በስምምነት አለቀ፤ ወደ አናቱ የሚወስድ መንገድም ለሕዝብ ክፍት ሆነ። በዚሁ ሙግት ውስጥ የነበረው ቄስ ሃርድዊክ ራውንስሊ በ1895 ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ናሽናል ትረስትን መሠረተ። ድርጅቱ በ1902 በደርወንትወተር ሐይቅ ዳር ያለ መሬት በሕዝብ መዋጮ ገዝቶ ለሁሉም ክፍት አደረገው።

ትግሉ በዚህ አላበቃም። በ1932 ከሌክ ዲስትሪክት በስተደቡብ በሚገኘው ኪንደር ስካውት፣ ለባለጸጎች የወፍ አደን በታጠረ ኮረብታ ላይ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የማንቸስተርና የአካባቢው ወጣት ሠራተኞች ሆን ብለው ገቡ። ከጠባቂዎች ጋር ተጋጩና አምስቱ ታሰሩ። ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1949፣ የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ወጣ። ሌክ ዲስትሪክትም በ1951 ፓርክ ሆነች።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ፓርክ ስትሆን ነዋሪ አልተነሣባትም። ገበሬው በእርሻው፣ በጉ በተራራው፣ የድንጋይ ካቡም በቦታው ቀረ። የልጆች መጻሕፍት ደራሲዋ ቢያትሪክስ ፖተር እንኳ በ1943 ስትሞት ከ4,000 ኤከር በላይ መሬቷን ለናሽናል ትረስት ያወረሰችው የአካባቢው የበግ ዝርያ እርባታ እንዲቀጥል አደራ ብላ ነው።

አሁን ወደ 2017 እንምጣ። በዚያ ዓመት ሐምሌ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በፖላንድ ክራኮቭ ተሰበሰበ። በዚያው ጉባኤ ሌክ ዲስትሪክት በባህላዊ መልክዓ ምድርነት ተመዘገበች፤ ከተቆጠሩላት ቁም ነገሮች አንዱ ለዘመናት የዘለቀው የእረኞቿ ኑሮ ነበር። በዚያው ጉባኤ የኛው ስሜን ተራሮች ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት የአደጋ መዝገብ ወጣ። ለመውጣቱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ልቅ ግጦሽ መቀነሱና የጊጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ መነሣታቸው ይገኙበታል። ከ400 በላይ አባወራዎች ናቸው፤ ገብስ ከሚዘሩበት ደጋ ወርደው ደባርቅ ከተማ ገቡ።

አንዱን ተራራ እረኛው አስከበረው፤ ሌላውን የእረኛው መሄድ አዳነው።

ሁለቱ አንድ ናቸው እያልን አይደለም። ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም፤ ግጦሹም በእርግጥ አስጊ ነበር። በግና ዋልያን አንድ ገደል ላይ ማኖር ቀላል ነው የሚል ሰው ስሜንን አያውቅም። የምንለው ሌላ ነው። እንግሊዝ አገር ተራራው የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ገበሬውም፣ ቄሱም፣ ሥራ ፈቱ ወጣትም በአደባባይ ተሟግቶበታል፤ ሕጉ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ስሜን በ1969 ፓርክ ሲባል ከላይ ተወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክም በአብዛኛው ስለ እንስሳቱ የተጻፈ ነው። የጊጭ ሰው በዚያ ታሪክ ውስጥ ችግር ሆኖ ነው የሚገባው።

ቅዳሜና እሁድ እየተጠራራን ሃይኪንግ የምንወጣ የከተማ ልጆች በዝተናል፤ ደስ ይላል። ሰላም ወርዶ ስሜን ስንደርስ ከጭላዳው ጋር ፎቶ መነሣታችን አይቀርም። ከፎቶው በኋላ ግን ለአስጎብኚው አንድ ጥያቄ ብናቀርብለትስ? ይህን መንገድ በእግሩ ያወጣው ሰው አሁን የት ነው?