«ሺፕ አሆይ»፦ የባሪያ መርከብና የገንዘብ ፍቅር በአንድ ሸክላ

በ1973 መጀመሪያ ወራት (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ዘ ኦጄይስ የተባሉት አሜሪካውያን ድምፃውያን «ላቭ ትሬይን» በተሰኘው ዘፈናቸው የአሜሪካን የዘፈን ሰንጠረዥ አናት ተቆናጠጡ። ዘፈኑ የዓለምን ሕዝብ ሁሉ በአንድ የፍቅር ባቡር ላይ የሚያሳፍር ጭፈራ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ግን እነዚሁ ሦስት ድምፃውያን አድማጫቸውን የባሪያ መርከብ ላይ አሳፈሩት። «ሺፕ አሆይ» የተሰኘው አልበማቸው ሽፋን ኤዲ ሌቨርትን፣ ዋልተር ዊልያምስንና ዊልያም ፓወልን በመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ከታጎሩት አፍሪካውያን መካከል ያሳያል። የሚጨፈርበት ሸክላ ፍለጋ ወደ ሱቅ የገባ ሰው የሚጠብቀው ሥዕል አልነበረም።

ቡድኑ ለዚህ ድፍረት የበቃው ከረጅም ጉዞ በኋላ ነው። ጅማሬው በ1958 በኦሃዮ፣ ካንተን ከተማ፣ የአምስት ተማሪዎች ስብስብ ሆኖ ነው፤ ስሙን ኋላ የወሰደው ከክሊቭላንዱ የሬዲዮ ሰው ከኤዲ ኦጄይ ነው። በ1960ዎቹ ከመጠነኛ ዝና አላለፈም። በመካከሉ ሁለት አባላት ወጥተው ሦስቱ ቀሩ። ዕጣቸውን የለወጡት ኬኒ ጋምብልና ሊዮን ሃፍ ናቸው። እነዚህ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ደራሲዎችና ፕሮዲውሰሮች በ1971 ፊላዴልፊያ ኢንተርናሽናል የተባለውን የሙዚቃ ኩባንያ ሲመሠርቱ፣ ሸክላውን ለማከፋፈል ግዙፉ የሸክላ አሳታሚ ሲቢኤስ ከጎናቸው ቆመ። የሲቢኤስ ገበያ ሰፊውን አድማጭ ሰጣቸው፤ የሚነገረውን ግን ራሳቸው መረጡ። መልእክቱ ያለው ሙዚቃው ውስጥ ነው የሚል መፈክርም ነበራቸው።

ቀረጻው የተካሄደው በፊላዴልፊያው ሲግማ ሳውንድ ስቱዲዮ ሲሆን፣ አጃቢው ኤም ኤፍ ኤስ ቢ የሚባለው የቤቱ ባንድ ነበር። የለሰለሱ ቫዮሊኖች፣ የትንፋሽ መሣሪያዎችና የማያዛንፍ ከበሮ በአንድነት የፊላዴልፊያ ድምፅ የሚባለውን ፈጠሩ። በዚህ ልስላሴ ላይ የሌቨርት ሻካራ፣ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር የመጣ ጩኸት ሲያርፍ፣ የዊልያምስ ረጋ ያለ ድምፅ ደግሞ ያበርደዋል። ሦስት ድምፅ ያለው ቡድን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ታሪኩን ይቀጥላል።

የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ወደ 10 ደቂቃ ይጠጋል። የሚከፈተው በማዕበል፣ በነፋስና በጅራፍ ድምፅ ነው። በአትላንቲክ የባሪያ ንግድ 12.5 ሚሊዮን ገደማ አፍሪካውያን በመርከብ ተጭነዋል፤ ከእነዚህ ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚሆኑት ባሕር ላይ አልቀዋል። ዘፈኑ ይህን ቁጥር አይዘረዝርም። ይልቁንም ወዴት እንደሚወሰድ የማያውቅ ሰው የሚሰማውን ጭንቀት በቀስታ፣ እየደጋገመ ያሰማል። የዘፈን ሰንጠረዥን ለሚያስብ ቡድን ይህ ትልቅ ቁማር ነበር።

ሸክላው ሲገለበጥ «ፎር ዘ ላቭ ኦፍ መኒ» ይጀምራል። የአንተኒ ጃክሰን ቤዝ ጊታር ብቻውን መግቢያውን ይቆጣጠረዋል፤ ጃክሰንም በዚህ ሥራው ከጋምብልና ከሃፍ ጎን የደራሲነት ድርሻ አግኝቷል። ሐሳቡ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 6 ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ነው፦ ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ የሸክላው ጎኖች ይገናኛሉ። መርከቡን ባሕር ላይ ያወጣውም ይኸው ፍቅር ነውና።

ከሌሎቹም ዘፈኖች ብዙዎቹ ከዚህ አይርቁም። «ዚስ ኤር አይ ብሪዝ» ስለተበከለ አየር ይናገራል፤ «ዶንት ኮል ሚ ብራዘር» ከንፈሩ ወንድሜ እያለ ልቡ የሚከዳውን ይገሥጻል። «ናው ዛት ዊ ፋውንድ ላቭ» ደግሞ ፍቅርን ካገኘን በኋላ ምን እናድርግበት ብሎ ይጠይቃል። የመዝጊያው ዘፈን ግን ከተቀሩት ጋር ሲነጻጸር ክብደት ያንሰዋል፤ ያን ያህል ሐዘንና ቁጣ ተከምሮ በተለመደ የፍቅር ወሬ መጠናቀቁ ያጎድለዋል።

ገበያው አላሳፈራቸውም። አልበሙ በጥቁር ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ፣ በአጠቃላዩ 11ኛ ደረጃ ደረሰ፤ የገንዘቡ ዘፈንም በ1974 ዘጠነኛ ሆነ። ከ30 ዓመት በኋላ ግን፣ በ2004፣ ይኸው ዘፈን የዶናልድ ትራምፕ «ዘ አፕረንቲስ» የተባለ የቴሌቪዥን ውድድር መክፈቻ ሆነ። ገንዘብን ለመንቀፍ የተጻፈ ዜማ ገንዘብ የሚሞገስበት መድረክ አድማቂ ሆኖ አረፈው። ቤዙ ያው ነው፤ አዝማቹም ያው ነው። የጠፋው መርከቡ ነው።

ስለዚህ «ሺፕ አሆይ» በቁርጥራጭ የሚደመጥ አልበም አይደለም። ዘፈኖቹን በተራቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሟቸው፤ ያን ጊዜ የገንዘቡ ዘፈን ስለማን ደም እንደሚናገር በግልጽ ይሰማችኋል።