የጎንደር የጤና ኮሌጅና የቡድን ሥራ

በ1946 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በሚገኘው በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በዚያን ዘመን በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ከመሆናቸውም በላይ አብዛኞቹ የውጭ አገር ተወላጆች ሲሆኑ ሥራቸውም በከተማ የተወሰነ ነበር። ወረርሽኙ ያሳየው ግን የሐኪም እጥረትን ብቻ አልነበረም። ገበሬውን የገደለው ትንኝና ረግረግ፣ ረሀብና የመንገድ ርቀት ተባብረው ነውና አንድ ሐኪም ቢገኝ እንኳ ለብቻው ሊገታው የሚችል ነገር አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1947፣ በመንግሥት፣ በአሜሪካ እርዳታ ድርጅት፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ትብብር የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን፣ ቆይቶም የላቦራቶሪ ቴክኒሻኖችን አሠለጠነ። አዲስ የሆነው የትምህርቱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን አብሮ የመማሩ ሥርዓት ነው። ተማሪዎቹ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ የጠቅላይ ግዛቱ ጤና ጣቢያዎች በአንድነት ይላኩ ነበር፤ ስለዚህ ነርሷ የሳኒታሪያኑን፣ መኮንኑም የነርሷን ሥራ በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይኑ ያውቀዋል።

የዚህን ጥቅም ለመረዳት ጤና ጣቢያ ደጃፍ የምትቀመጥ አንዲት ድሀ እናትን ማሰብ ይበቃል። ያቀፈችው ሕፃን ተቅማጥ ይዞታል፤ ከስቷል። እርስዋም ነፍሰ ጡር ናት፤ ወባም አለባት። መኮንኑ መድኃኒት ያዝዛል፤ ደሟን የመረመረው ቴክኒሻን ውጤቱን ያስረዳዋል። ነገር ግን የምትጠጣው ውኃ ካልተለወጠና ቤቷ ድረስ ሄዶ የሚያያት ካልተገኘ በወሩ ተመልሳ መምጣቷ የማይቀር ነው። ምንጩን የሚያጎለብተው ሳኒታሪያኑ፣ የእናቲቱን ጓዳ የምታውቀውም የኅብረተሰብ ነርሷ ናት። ከሁሉም ይልቅ በሽተኛው የማያመሰግነው ሳኒታሪያኑን መሆኑ የሚያስገርም ነው፤ የተከለለ ምንጭ ማንንም በስም አይፈውስምና።

ሆኖም ቡድኑ ከውስጡ የተሸከመው ችግር ነበረው። የጤና መኮንኑ አለቃ፣ ሐኪምም፣ የሒሳብ ተቆጣጣሪም ሆኖ በሩቅ ወረዳ ሲቀመጥ ከዚያ ወዲያ የሚያድግበት ደረጃ በግልጽ አልተዘረጋለትም። ብዙዎቹ ሕክምና ለመማር ከጣቢያቸው ለቀቁ፤ ይህንንም እንደ ክዳት መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። በሠለጠኑበት ሥራ ላይ መቆየትን ዋጋ የሚሰጥ ደንብ ያላወጣው አስተዳደሩ ነበር።

በ1960ዎቹ ማብቂያ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ፤ ጎንደርም ወደ ሕክምና ፋኩልቲነት ተለወጠ። የሚያስቆጨው ጊዜው ነው። ከጳጉሜን 1 ቀን 1970 እስከ መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም. በአልማ አታ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅን ባወጀ ጊዜ፣ ጉባኤው ካመለከታቸው ሐሳቦች ብዙዎቹን ጎንደር ሃያ ዓመት ያህል ሠርታባቸው ነበር።

በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ልዩ ልዩ ሙያ የሚማሩ ተማሪዎችን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ የመላኩን ልማድ ያዘ። የጤና መኮንኖች ሥልጠናም በ1980ዎቹ እንደገና ተጀመረ።